ስለ ፑሽኪን ለጠየቅከኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እትዬና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ካርኪቭም እንዳለች አለች። ይህን ያህል ስጠፋ ብትቀየም እውነትህን ነው። በመጨረሻው ደብዳቤህ «እውነት ፑሽኪንን ከትምህርት ቤት አባረሩት?» ብለኸኝ ነበር። ባንድ መስመር የሚመለስ ስላልመሰለኝ ሳሳድረው ይኸው ከረመ።

አዎ፣ እውነት ነው። በ2022 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) የዩክሬን ትምህርት ሚኒስቴር ሩሲያውያኑን ፑሽኪንን፣ ቶልስቶይንና ዶስቶየቭስኪን ከውጭ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት አወጣቸው። ማታ ማታ የምንንሸራሸርበት የፑሽኪን ጎዳና ሳይቀር በ2024 የፈላስፋው የስኮቮሮዳ ሆኗል። ጊጋንት በሚባለው የተማሪዎች ማደሪያ «ቅድመ አያቱ የኛ ሰው ነው» እያልን ስንፎክር ለኖርን ሰዎች ቅር ማሰኘቱ አይቀርም።

ከመምህርቷ ባለቤቴ አጠገብ ሆኜ ሳየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ የዩክሬን ሥነ ጽሑፍና የውጭ ሥነ ጽሑፍ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ለየብቻ የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው፤ በቅርቡ አዋህዶ ማስተማርም ተፈቅዷል። ለውጭው ወላጆች ብዙም ግድ የላቸውም፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ አይመጣማ! እሷ ሁለቱንም ታስተምራለች፤ አንዱን ያለ ሌላው ማስተማር ደግሞ አይሆንላትም።

ዘጠነኛ ክፍሎች የኮትልያሬቭስኪን «ኤኔይዳ» ይማራሉ። ሰውየው በ1798 የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን የትሮይ ጀግና ወስዶ አረቄ የሚጠጣ፣ ድግስ የማያልፈው ኮሳክ (የዩክሬን ተዋጊ) አደረገው። የዘመናዊው የዩክሬን ሥነ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ቀልድ ነው። ቨርጂልን ያልቀመሰ ልጅ ግን የሳቁ ግማሽ ያመልጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሮማዊው ጥቂት ታስነብባቸውና ወደ ኮሳኩ ትሻገራለች። ከ2023 ወዲህ ሜትሮ ጣቢያ ውስጥም ክፍሎች ተሠርተዋል፤ እዚያ ስታስተምር አንድ ቀን ሄጄ ሰምቻታለሁ። የልጆቹ ሳቅ ከባቡሩ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

በዚያው ክፍለ ጊዜ የሚኮላ ዜሮቭን ነገር አነሳችላቸው። የሮማ ባለቅኔዎችን ወደ ዩክሬንኛ የመለሰ ፕሮፌሰር ነው። ሶሎቭኪ በሚባለው የሶቭየት እስር ቤት ተቀምጦ ያንኑ የቨርጂል መጽሐፍ ሲተረጉም ቆየና በኅዳር 1937 ሳንዳርሞኽ በሚባል ጫካ ረሸኑት። የትርጉሙ ረቂቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከእሱ በፊትም በ1876 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት (ዛሩ) በዩክሬንኛ የውጭ መጽሐፍ ተርጉሞ ማሳተምን በአዋጅ ከልክሎ ነበር። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የጀርመናዊውን የጎቴን «ፋውስት» ወደ ዩክሬንኛ የተረጎመው ሉካሽ ነው። በ1973 ሃያሲው ኢቫን ድዝዩባ ሲፈረድበት «እስራቱን እኔ ልታሰርለት» ብሎ ለባለሥልጣናት ጻፈ፤ ከደራስያን ማኅበር አባረሩት። እንግዲህ የውጭ ሥነ ጽሑፍ ቅንጦት ነው የሚለኝን ወላጅ ምን ልበለው?

በፑሽኪን ጉዳይ ግን ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም። ፑሽኪን «የካውካሰስ እስረኛ»ን የሚደመድመው ተራራውን ያስገበሩትን የሩሲያ ጄኔራሎች እያወደሰ ነው። የዩክሬኑ ባለቅኔና ሠዓሊ ሼቭቼንኮ ደግሞ በ1845 «ካውካሰስ» ብሎ ሲጽፍ የቆመው ከተራራው ሰዎች ጋር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና ልጆቹ ይፍረዱ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል እላታለሁ። እሷ አባታቸው ግንባር ያሉ ልጆች ፊት አሁን አላደርገውም ትላለች። እኔ እዚህ ቤት ክርክር አሸንፌ አላውቅም፤ ይህንንም ባላሸንፍ ይሻላል።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሼቭቼንኮ በ1858 ፒተርስበርግ ኦቴሎን ሊጫወት ከመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ ከአይራ ኦልድሪጅ ጋር ተወዳጅቶ መልኩን ሥሎታል። ሼቭቼንኮ የባላባት ንብረት ሆኖ የተወለደ ሰው ነው፤ የኦልድሪጅ ወገኖች ደግሞ ያኔ ገና በባርነት ላይ ነበሩ። ቋንቋ ባይገባቡም ተግባብተዋል። ባለቤቴ ይህን ሥዕል ስታሳያቸው የጋሽ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ኦቴሎ» በፊደላችን ማሳየት ትፈልጋለች። መጽሐፉ አንተ ዘንድ እንዳለ ነግሬያታለሁ። ኦቴሎ ሸንጎ ፊት ቀርቦ የሚናገርበትን ገጽ በስልክህ አንሳና በቴሌግራም ላክልኝ፤ ፖስታ እስኪደርስ ትምህርቱ ያልፋል። ካላስቸገረህ ድምፅህን ቀድተህ ጨምርበት፤ የማነበው እኔ ከሆንኩማ ልጆቹ ይስቁብኛል።

ያንተው ወንድም፣ ከካርኪቭ