ሕክምናው ሳያልቅ አትፈርሙ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የ14 ዓመት ወንድሜን ሚኒባስ ገጨው። ሾፌሩ ሽማግሌ ላከ። ለሕክምና ብር ሰጡን፤ ከብሩ ጋር ወረቀት መጣ። «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ይላል። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

ከስምንት ወር በኋላ ሐኪሙ እግሩ እንደገና ኦፕራሲዮን ይፈልጋል አለ። ማንን እንጠይቅ?

ያኔ አላወቅንም እንጂ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ራሱ ጥፋት ባይሠራም በመርህ ደረጃ ኃላፊ ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም ግዴታ ነው። የካሳ ክስ ግን በመደበኛው በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

እርቅ ደግ ነው፣ አልቃወምም። ግን ቁስሉ ሳይድን አትፈርሙ። ደረሰኙን፣ የሐኪም ማስረጃውን፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ያዙ። እባካችሁ ይህን ደጋግማችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ