የዓድዋን ሥዕል ስታትሙ ጊዮርጊስን አትቁረጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የካቲት በመጣ ቁጥር የዓድዋ ሥዕል ከጓዳ ይወጣል። ጋዜጣ ላይ፣ ድረ ገጽ ላይ፣ ባነር ላይ ያው በጨርቅ ላይ የተሳለው የሰልፍ ሥዕል ይደረደራል፤ ሙሉውን የምናየው ግን ከስንት አንዴ ነው። የድረ ገጹ የምስል ቦታ ወደ ጎን የሰፋ፣ ከላይ ወደ ታች የጠበበ ስለሆነ ገጽ አቀናባሪው ላይና ታቹን ይቆርጠዋል። ከላይ ተቆርጦ የሚቀረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከታች ተቆርጠው የሚቀሩት የወደቁት ሰዎች፣ ነጋሪት መቺዎቹ፣ አንዳንዴም በፈረስ ላይ ያሉት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የሚተርፈው መሐሉ፣ ማለትም ሁለት የጠመንጃ ረድፍ ነው። እሱ ደግሞ ብቻውን ብዙም አይናገርም።

ጊዮርጊስ እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ 23 በየወሩ የጊዮርጊስ ቀን ነው፤ ታቦቱም አብሮ መዝመቱ ሲነገር ኖሯል። እንደ ትርጓሜ መምህራኑ ብንፈታው፣ ነጩ ፈረስ ረዳት ነው፤ አንድም ቀኑ ነው። እሱን የቆረጠ ሰው የሥዕሉን ቀን ቆርጧል ማለት ይቻላል።

ሰማዩ ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት የማይጨውን ሥዕል አጠገቡ ማስቀመጥ ይበቃል። በዚያው ባህል የሠሩ ሠዓሊዎች የመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.ን ውጊያ ሲስሉ፣ ከላይ ያለውን ቦታ የያዙት አውሮፕላኖች ናቸው። አሳሳሉ አልተለወጠም፤ ሰልፉ ያው ሁለት ረድፍ ነው፤ ከላይ ያለው ግን አሁን የጠላት ነው። ሁለቱንም ከላይ ብትቆርጧቸው አንባቢው ዓድዋን ከማይጨው በምን ይለያል?

ቀጥሎ ዓይን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ አሳዳጁ ንጉሥ ግን በጎን ይሳላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። የዓድዋ ሠዓሊዎች ሙያውን የተማሩት እዚያ ስለሆነ ደንቡን ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ገቡ። አንዱን ኢትዮጵያዊ ተኳሽ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የጠመንጃውን ሰደፍ ትከሻው ላይ ደግፏል፤ አፈሙዙ ወደ ጣሊያን ነው፤ ፊቱ ግን ወደ ተመልካቹ ዞሯል። አልሞ የሚተኩስ ሰው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይህ ሁለቱንም አፍጥጦ ይተኩሳል። ይህን የሠዓሊው ዕውቀት ማነስ አድርጎ የሚጽፍ አይጠፋም። ሠዓሊው ግን ሰው እንዴት እንደሚያልም ጠፍቶት አይደለም፤ ተኳሹን ከጠላት ወገን እንዳያስቆጥረው ነው። በኋላ ዘመን ደንቡ ስለላላ ሁለት ዓይን ያለው ጣሊያን ብታገኙ ሥዕሉ ሐሰተኛ ነው አትበሉ።

እግረ መንገዴን አንድ የሩቅ አገር ሥዕል ልጥቀስ። ለንደን በሚገኘው የጦርነት ሙዚየም ያለው የጆን ሲንገር ሳርጀንት ሥዕል፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የተጠናቀቀው፣ ከ6 ሜትር በላይ ይረዝማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሰናፍጭ ጋዝ የመታቸው ወታደሮች ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ፣ አንዱ የፊተኛውን ትከሻ ይዞ በሰልፍ ይሄዳሉ። ሳርጀንት ጋዙን አልሳለም፤ የሳለው የታሰረውን ዓይን ነው። በ1928 ዓ.ም. ያው ዓይነት ጋዝ በእኛ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ ከአውሮፕላን እንደ ካፊያ ሲረጭ፣ ማን ማንን መታ የሚለውን በእጅና በመሣሪያ ለይቶ የሚያሳየው የአሳሳል ባህላችን ከባድ ፈተና ገጥሞታል። ጦር የወጋው ጦሩ ይሳላል፤ የካፊያው ባለቤት ግን ከላይ አልፎ ሄዷል።

ወደ ዓድዋ ልመለስ። ሥዕሉ የጦርነቱ ካርታ ነው ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይመጣል። የጣሊያኑ አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር የተንቀሳቀሰው በአራት ብርጌድ ሲሆን፣ መሪዎቹ አልበርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳና ኤሌና ነበሩ። በሌሊት ጉዞው፣ በተለይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ በካርታ ላይ በተሳሳተ ቦታ በመጻፉ፣ አልበርቶኔ ከሌሎቹ ርቆ ወደ ፊት ሄደ፤ ውጊያውም እርስ በርስ በማይተያዩ ሸለቆዎች ተከፋፍሎ ተካሄደ። ሠዓሊው ይህን ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ አገናኘው። የፊታውራሪ ገበየሁ መውደቅና የጣሊያን መሸሽ በአንድ ጨርቅ ላይ፣ በአንድ ሰዓት እንደሆኑ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ «ውጊያው ይህን ይመስል ነበር» ከማለት «ውጊያው እንዲህ ይታወሳል» ማለት ይሻላል።

ጭሱንም ልብ በሉ። የእኛ ውጅግራም ሆነ ጣሊያን የያዘው ቬተርሊ የተባለው ጠመንጃ መጀመሪያ የተሠሩት ብዙ ጭስ ለሚያወጣው ጥቁር ባሩድ ነበር። ብዙ ሺህ ጠመንጃና የጣሊያን 56 መድፎች ሲተኩሱ ሜዳው በጭስ መታፈኑ አይቀርም። በሥዕሉ ላይ ግን ከአፈሙዙ የሚወጣው ቀይ ጭረት ብቻ ነው፤ አየሩ እንደ ፋሲካ ማለዳ ጥርት ያለ ነው። ጭስ ቢሳል ፊት ይሸፈናላ! ፊት ከተሸፈነ ደግሞ ያ ሁሉ የዓይን ሥርዓት ከንቱ ይሆናል።

ስለ መገልበጥ። ሥዕሉን ግራና ቀኙን አዙሮ ማተም እየተለመደ ነው። መለየት ቀላል ነው፤ ከሰዎቹ ራስ በላይ የተጻፉትን ስሞች አንብቡ፤ ፊደሉ ከተገለበጠ ሥዕሉም ተገልብጧል። ጽሑፍ ከሌለው ጋሻውን እዩ፤ ጋሻ በግራ እጅ ነው የሚያዘው። በሰይፉ ግን አትፍረዱ። የእኛ ሰው ጎራዴ የሚታጠቀው በቀኝ ወገቡ ስለሆነ፣ የፈረንጅ ሥዕል የለመደ አቀናባሪ «ተገልብጧል» ብሎ ደህናውን ሊያዞረው ይችላል። ስሞቹን ማንበብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዘውድ የጫነ ሁሉ ምኒልክ አይደለም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ዘማች ነበሩ፤ ሊቀ መኳስ ደግሞ በጦርነት ጊዜ ንጉሡን መስሎ ለብሶ ጠላት የሚያስት ሹም ነው።

ከሥዕሉ ግርጌ «በዓድዋ ዘመን የተሳለ» ብላችሁ በጅምላ አትጻፉ። ዛሬ በየሙዚየሙ ያሉት አብዛኞቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ብዙዎቹም ለውጭ አገር ሰው እንዲሸጡ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ሠዓሊው ካልታወቀ «ሠዓሊው ያልታወቀ»፤ ከዚያ በምን ላይ እንደተሳለ፣ ቁመቱና ወርዱ፣ አሁን ያለበት ቦታ፤ ከፊሉ ብቻ ከታተመ ደግሞ «ከፊል» የምትል ቃል። ቦታ ከጠበበ ከመቁረጥ ይልቅ ሙሉውን አሳንሶ ግራና ቀኙን ባዶ መተው ይሻላል።

ፎቶ የሚያነሳው ባልደረባችሁ ፍላሽ ያጥፋ፤ ካሜራውን በጨርቁ መሐል ትይዩ ያቁም፤ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ያድርግ፤ ከአራቱም ጠርዝ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተው። ጎበጥ ያለ ጨርቅ ከጎን ሲነሳ ረድፉ ይጣመምና ሠዓሊው መስመር መሳል የማይችል ይመስላል።

እንዲህ ያለ ሥዕል ቤታቸው ላለ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ነገር ንገሩልኝ። የቆዩት ብዙ ጊዜ የተሠሩት በሙጫ በተበጠበጠ ቀለም ነው፤ ውሃ ሲነካው ሙጫው ይሟሟል፤ በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ሥዕል መጀመሪያ የሚያጣው ከሁሉ በኋላ የተጨመረውን ቀጭን ጥቁር መስመር ነው፤ ዓይኖቹ የተሠሩት ደግሞ በእሱ ነው። አቧራ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ያውም ቀለሙ ካልተላቀቀ ብቻ ይነሳ። ማጠፍ ክልክል ነው፤ በእጥፋቱ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ ይረግፋል። ማስቀመጥ ካስፈለገ ወፈር ባለ ቱቦ ላይ፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በመሐሉ ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ገብቶ ይጠቅለል። ጋዜጣ አይግባበት፤ አሲዱና ቀለሙ ወደ ሥዕሉ ይወጣል፤ የእናንተም ቢሆን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ