ትንሽ ነው ተብሎ ስለተሸጠልኝ ቬፕ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ፦ ፍራንኮ አካባቢ ለሚገኘው የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ ባለቤት
አዳማ

ጉዳዩ፦ ጥንካሬው ተሸፍኖ ስለተሸጠልኝ የቬፕ ፈሳሽና ስለሚያፈሰው ታንክ

ጤና ይስጥልኝ።

በአካል አንተዋወቅም። ሱቅዎን ግን አውቀዋለሁ። የስልክ መሸፈኛም፣ ቻርጀርም ገዝቼበታለሁ። አንድ ቀን ከፍቶብኝ አያውቅም ነበር። ይህን የምጽፍልዎት ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን ስለገዛሁት ትንሽ ቬፕ፣ ማለትም ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ እያሞቀ ስለሚያጨሰው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ሰኞ ዕለት መጥቼ በቃል ለመናገር ሞክሬ ነበር። ሰሚ ስላጣሁ ወረቀት ላይ አሰፈርኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ሲጋራ 16 ዓመት አጭሻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ዱባይ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ትልቁን ቬፕ ይዞልኝ መጣ። እውነትም ሲጋራውን በሱ ተውኩት። ዕቃው ግን ግዙፍ ነው። የሚሠራው በሁለት ባትሪ ነው። ታንኩ ብርጭቆ ነው፣ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ኪስ ውስጥ ሲከቱት ሱሪ ይጎትታል። እኔ የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስጎነበስና ስነሳ ነው የምውለው። ያንን ታንክ ሁለት ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ጥዬ ሰብሬዋለሁ። ስለዚህ ደረት ኪስ የሚገባ፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ፣ ቀለል ያለ ነገር ፈለግሁ። የፈለግሁት ይኸው ብቻ ነበር።

ሱቅዎ የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ለሚሸጠው ልጅ ትልቁን ዕቃ አውጥቼ አሳየሁት። የምጠቀመው ፈሳሽ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊግራም ኒኮቲን እንዳለውም ነገርኩት። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ጠርሙሱንም ይዤ ነበር። ልጁ ሲጋራ መለኮሻ የሚያህል ነገር አወጣ። «ጋሼ፣ አሁን ሰው ሁሉ ወደዚህ ነው የሚቀይረው» አለኝ። ፈሳሹስ አልኩት። «ያው ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ስለሆነ ይቀላል» አለኝ።

ወንድሜ፣ ቅሬታዬ ያለው እዚች «ይቀላል» የምትል ቃል ላይ ነው።

ለዕቃው 4,800 ብር፣ ለ30 ሚሊ ሊትር የማንጎ ፈሳሽ 1,500 ብር ከፈልኩ። ልጁ ታንኩን እዚያው ሞላው። ውስጡ ያለው ጥጥ ፈሳሹን እስኪጠጣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነበረበት። አልጠበቀም። ሞልቶ ወዲያው «ይሞክሩት» ብሎ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ስበት የተቃጠለ ጨርቅ፣ የተቃጠለ ጨርቅ አለኝ። ያ ጣዕም ኋላም አልለቀቀም። ትልቁ ዕቃ ላይ ኮይል፣ ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ሲቃጠል ኮይሉን ብቻ አውጥቼ እቀይራለሁ። የናንተ ግን ኮይሉና ታንኩ አንድ ላይ የተሠራ ነው። ከተቃጠለ ሙሉውን መጣል ነው። ትርፍ አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ «በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» ተባልኩ። ይህ ቀላሉ ቅሬታ ነው፣ ልለፈው።

ረቡዕ ማታ ሆነ። እራት አልቀረበም፤ ሳሎን ቁጭ ብያለሁ። በትልቁ ዕቃ እንደለመድኩት ረጅም አድርጌ ሳብኩ። አራት ጊዜ ይሆናል፣ አምስትም ይሆናል። ጉሮሮዬን አልቧጠጠኝም። ደስ አለኝ እንኳ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ላብ መጣ። ግድግዳው ዞረብኝ። ልቤ ሸሚዜን ሲመታው ይሰማኛል። መታጠቢያ ቤት እንኳ አልደረስኩም፣ ኮሪደሩ ላይ አስመለሰኝ። ባለቤቴ ውኃ ይዛ እየሮጠች መጣች። «ምን በላህ?» ትለኛለች። ምንም አልበላሁም። ግማሽ ሰዓት ያህል ወለሉ ላይ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ይህ መኪና እየነዳሁ ቢሆንስ? ባጃጅ ነጂ ደንበኞቼ እንዲህ ያለ ነገር ገዝተው ተሳፋሪ ጭነው ቢሆንስ?

ሲሻለኝ ጠርሙሱን አነሳሁት። ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ላይ የሱቃችሁ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል። በአውራ ጣቴ ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረግሁት፤ ጠርዙ ተላቀቀ። በስልኬ መብራት አየሁት። 50 ይላል። በሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ኒኮቲን።

እስቲ አብረን እናስላው። የድሮው ትልቁ ታንኬ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ፈሳሹ 3 ነው። ሙሉው ታንክ 15 ሚሊግራም ኒኮቲን ማለት ነው። የናንተ ትንሹ ታንክ 2 ሚሊ ሊትር ነው፣ ፈሳሹ 50። ሙሉው 100 ሚሊግራም! ዕቃው በግማሽ አነሰ፣ መርዙ ከስድስት እጥፍ በላይ ጨመረ። አንድ ሲጋራ ሲጨስ ወደ ሰውነት የሚገባው ኒኮቲን እኮ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። ለምን ጉሮሮዬን እንዳልቧጠጠኝ ያስረዳኝ እሱ ነው። በነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች የሚሸጠው አብዛኛው ፈሳሽ የኒኮቲን ጨው የሚባለው ነው። ኒኮቲኑ ከአሲድ ጋር ስለሚዋሐድ ለስለስ ይላል። ተራው ኒኮቲን 50 ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ስበት ያስለኝና እጥለው ነበር። ጨው የሆነው ግን ሳይናገር ይገባል። ትንሹ ዕቃ በትንሽ ኃይል፣ በትንሽ ጭስ ስለሚሠራ ነው ፈሳሹ ጠንካራ የሚደረገው። አሳሳቡም ሌላ ነው፤ እንደ ሲጋራ አፍ ውስጥ ትንሽ ይዞ ነው እንጂ እንደ ትልቁ በቀጥታ ወደ ሳንባ አይደለም። ይህን ሁሉ የሚሸጥ ሰው ማወቅ ነበረበት። ካላወቀ ደግሞ «ያው ነው» ማለት አልነበረበትም። እዚያው አውሮፓ እንኳ፣ በሕግ በሚሸጥበት አገር፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ የኒኮቲኑ ጣሪያ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ነው፤ የመሙያ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊ ሊትር አይበልጥም።

እኔም ነጋዴ ነኝ ብዬዎታለሁ። አንድ ልጅ የፍሬን ሸራ ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የባጃጁን ሞዴል ነው። ይመስላል ብዬ ሌላውን አልሰጠውም። ሸራው ሳጥን ውስጥ አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ቁልቁለት ላይ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሰው እኔን አምኖ ነው ቤተሰቡን የሚጭነው። እኔም እናንተን አምኜ ነው ወደ ሳንባዬ ያስገባሁት።

አልጨረስኩም። ዓርብ ዕለት ዕቃ ላመጣ ወደ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አልጠቀምበትም፤ ግን ለፋርማሲው ሰው ላሳየው ደረት ኪሴ ከትቼዋለሁ። በፈጣን መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ቀዘቀዘኝ። ሸሚዜ በፈሳሽ ርሷል። ማንጎ ማንጎ ይሸታል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጁስ የፈሰሰብኝ መስሏቸው ሶፍት ሰጡኝ። ቆዳዬ ተቆጣ፣ እንደገናም ማቅለሽለሽ ጀመረኝ። ኒኮቲን በቆዳም እንደሚገባ ያን ቀን ተማርኩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ይበልጣል። ወደ ላይ ሲወጣ የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳል። ታንኩ ውስጥ የታፈነው አየር ያብጥና ፈሳሹን በአየር ቀዳዳው ይገፋዋል። ግማሽ የሆነ ታንክ ከሙሉው የበለጠ የሚያፈሰውም ብዙ አየር ስላለበት ነው። የአዳማ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ሳይመላለስ አይኖርም። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሲወጡ ታንኩን ባዶ ያድርጉት» የምትል አንዲት ቃል ምን ያህል ታስከፍል ነበር?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እሁድ ጠዋት ቡና ተፈልቷል። የሦስት ዓመት ልጄ ጠርሙሱን ከጃኬቴ ኪስ አግኝታዋለች። ስትመጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ክዳኑን እየጠመዘዘች ነው። «አባ፣ ጁስ» አለችኝ። ጁስ! እናንተም እኮ ሱቅ ውስጥ የምትጠሩት ጁስ ብላችሁ ነው። ጠርሙሱ ላይ ቢጫ ማንጎ ተስሏል። ክዳኑ ተጭነው ካልጠመዘዙት የማይከፈት፣ ለልጅ የሚያስቸግር ዓይነት መሆን ነበረበት። ይህኛው ግን እንደ ውኃ ኮዳ በቀላሉ ይከፈታል። በዚህ ጥንካሬ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንኳ የትንሽ ልጅ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ከእጇ ስወስደው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬም ስጽፈው ሆዴ ይላወሳል። እዚያ ኪስ ውስጥ መተዌ የኔ ጥፋት ነው፤ አባቷ እኔ ነኝ። ግን በእጄ ምን እንደያዝኩ በትክክል ቢነገረኝ ኖሮ ቆልፌ አስቀምጠው ነበር።

ሰኞ ተመልሼ መጣሁ። ልጁ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ይህ ጽሑፍ በየሱቁ አለ፣ አውቃለሁ። እኔም ድሮ ለጥፌ ነበር፣ ሕጉን ሳውቅ ነው ያነሳሁት። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ደረሰኝ ሲባል ደግሞ የተሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ እንኳ አይልም፤ «አክሰሰሪ» ይላል።

ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ አሁን ይገባኛል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለንግድ ማስገባትንም፣ ማከፋፈልንም፣ መሸጥንም ከልክሏል። ስገዛ ይህን አላውቅም ነበር። የሞባይል መሸፈኛ አጠገብ ተደርድሮ ሲሸጥ ያየ ሰው ከየት ይጠረጥራል? እርስዎ ግን ነጋዴ ነዎት፣ ፈቃድ አውጥተዋል፤ ማወቅ ነበረብዎት።

ያን ዕለት ሌላም ነገር አየሁ። ሁለት ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች መስታወቱ ላይ ተደፍተው ቀለም ሲመርጡ ነበር። አንደኛው ሮዝ፣ ሌላው ሰማያዊ። ልጁ እያወጣ ያሳያቸዋል። ሲጋራ እንኳ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በዚያው አዋጅ ክልክል ነው። እኔ 16 ዓመት አጭሼ፣ ደረቴ ሁሉን ለምዶ፣ አምስት ስበት ወለል ላይ ጣለኝ። ሲጋራ ቀምሰው የማያውቁት እነዚያ ልጆች ምን ይሆናሉ? ትንሽ ስለሆነ እስክሪብቶ መያዣ ውስጥ ይገባል። አስተማሪም ወላጅም አያየውም። ትንሽነቱ ለኔ ምቾት ነበር፣ ለነሱ መደበቂያ ነው።

ስለዚህ የምጠይቅዎት ይኸው ነው። የከፈልኩት 6,300 ብር ይመለስልኝ። መደርደሪያው ላይ ያለው ፈሳሽም ዕቃውም ይነሳ፣ በተለይ ለተማሪ ከዛሬ ጀምሮ አይሸጥ። ያንን ጠርሙስ ከኔ በፊት የገዙ ሰዎች ስልክ ካላችሁ ደውሉላቸው፤ 50 መሆኑን ንገሯቸው፣ ከልጅ እንዲያርቁት ንገሯቸው። ከገንዘቤ ይልቅ ይህኛው ይቅደም። ልጁን አያባርሩት። የተማረውን ነው የሚሸጠው፤ ያስተምሩት።

እኔ ከእሁድ ጀምሮ ትልቁንም ትንሹንም አልነካሁም። ይከብዳል፣ ግን ይዤዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሱቅዎ እመጣለሁ። ዕቃውን፣ ጠርሙሱንና የተፋቀውን የዋጋ ወረቀት በላስቲክ ቋጥሬ አመጣለሁ። እርስዎ ራስዎ ቢገኙልኝ ደስ ይለኛል። ቁጭ ብለን እንደ ነጋዴና ነጋዴ እንነጋገር። ካልተገኙ ግን ሰኞ ጠዋት ይህንኑ ደብዳቤ ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛዎ፣ የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴው
አዳማ