ዶክተር ጄኪልን የጣለው ጨው ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ የመጻሕፍት ገጽ ላይ፣ በገዛ ገላቸው ላይ ስለሚሞክሩ የልብ ወለድ ሳይንቲስቶች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ጸሐፊው ሁሉንም «ትዕቢት ጣላቸው» ብሎ በአንድ ቃል ገላገላቸው። እኔ ደግሞ እዚህ ድሬዳዋ ዕድሜዬን በድራጊስትነት ባንኮኒ ጀርባ የፈጀሁ ነኝ። አልተዋጠልኝም።

የደራሲውን የስቲቨንሰንን ዶክተር ጄኪል እንውሰድ። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ሰውየው ራሱ የቀመመውን መድኃኒት ሲጠጣ ክፉው ሚስተር ሃይድ ይሆናል፣ መልሶ ሲጠጣ ጄኪል። ይህን ሁሉም ያውቃል። መጨረሻ ላይ ያለውን ግን ስንቱ ልብ ብሎታል? መድኃኒቱን የሚቀምምበት ጨው ያልቅበታል። አዲስ ያስመጣል፣ አይሠራም። አሽከሩን የለንደንን መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ያስዞረዋል፣ ወይ ፍንክች! ኋላ ነው የሚገባው። ንጹሕ ያልነበረው የመጀመሪያው ጨው ኖሯል። መድኃኒቱን መድኃኒት ያደረገው፣ ጨው ውስጥ የገባው ምንነቱ ያልታወቀ ባዕድ ነገር ነው።

ታዲያ ይህ ትዕቢት ነው? ይህ የባች ቁጥር (አንድ ላይ የተመረተ መድኃኒት መለያ ቁጥር) ጉዳይ ነው! ደንበኛ መጥቶ «የፊተኛው ኪኒን ነበር የሚያሽለኝ፣ ይሄኛው ውኃ ነው» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የማገላብጠው ካርቶኑን ነበር። ዶክተሩ የፊተኛው ጨው ሳያልቅ ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ቢሆን፣ ጉዱን ቀድሞ ባወቀ።

ጸሐፊያችሁ ራሱን እንዳይታይ ስላደረገው ሳይንቲስት፣ ስለ ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ ግሪፊን ሲያወራ ደግሞ ድመቷን ዘሏታል። በ1897 በወጣው መጽሐፍ ግሪፊን ራሱን ከመሰወሩ በፊት መጀመሪያ በጨርቅ፣ ቀጥሎ በድመት ሞክሯል። ጥፍሯና የዓይኗ ጀርባ አልጠፋ ብሎት ነበር። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። መመለሻውን ሳያዘጋጅ ራሱ ላይ መሞከሩ ነው ጉዱ። በለንደን ጥር ራቁቱን ብርድ ጠበሰው፣ በጭቃ ዱካው ልጆች ተከተሉት። (ድሬ ቢመጣ ከብርዱ ይገላገል ነበር። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ግን ዱካውን አይምረውም።)

አሁን ከእውነተኛዎቹ አንዱን ላንሳ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል የጨጓራ ቁስለትን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው ሲል ሰሚ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ከመጠጣቱ በፊት ግን ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ የመመልከቻ ቱቦ) አስመርምሯል። ከታመመም በኋላ እንደገና ታይቶ ጨጓራው መቆጣቱ ተረጋገጠ፣ ባክቴሪያውም እዚያው ተገኘ። ከዚያ አንቲባዮቲክ ወሰደ። በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ድፍረቱስ ከጄኪል አያንስም። ልዩነቱ በፊትም በኋላም መታየቱ ነው፤ ያውም በሌላ ሰው ዓይን። ጄኪል ግን በሩን ዘግቶ ብቻውን ነው የጠጣው።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንዳለው ጠቁሟል። እባካችሁ፣ በዚያው ጨውንና ድመቷን ያስገባልን።

ጡረተኛ ድራጊስት
ከዚራ፣ ድሬዳዋ