ለሰብልዬ፣ ከድሬ ወደ ሐረር

ሰብልዬ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ አቦ! ሐረር ከገባሽ ወዲህ አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም። በሰው የላክሽው እሮሮ ግን ደርሶኛል። ሽንብራው አልበስል አለ፣ ሊጡ አልቦካ አለ፣ ጣራው ሌሊት ይንጫጫል፤ ሐረር አልወደደችኝም መሰል ብለሻል። ሐረር ምን አደረገችሽ? ሽቅብ መውጣትሽ ነው እንጂ!

እዚህ ያው ግንቦት ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ከባጃጅና ከውሻ በቀር መንገድ ላይ የሚታይ የለም፤ የሰፈራችን የከዚራ ዛፎች ባይኖሩ እነሱም አይታዩም ነበር። አንቺ ደግሞ ጋቢ ደርበሻል አሉ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ናቸው። አየር በየመቶ ሜትሩ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ከፍታው ብቻውን አራት ዲግሪ ተኩል ያህል ቀንሶልሻል። የደንገጎን ተራራ ስትወጪ ጆሮሽ ጧ ያለው ጊዜ ሌላም ነገር አብሮ ተለውጧል፤ የአየሩ ጫና።

ለዘይት ብለሽ የላክሽው ባዶ ሃይላንድ እዚህ ሲደርስ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ተሸካሚው አልቆመበትም፣ አትቆጪው። ክዳኑን አጥብቀሽ የዘጋሽበት የሐረር አየር ከድሬው 8 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ቁልቁል ሲወርድ የውጭው አየር ይጨመድደዋል። ሽቅብ ሲሆን ተቃራኒው ነው፤ የቺፕስ ከረጢት እንኳ ይነፋል። ዘይቱን ስልክልሽ ጀሪካኑን ቀጥ አድርገሽ አቁሚና ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ ፍቺ፤ ትንፋሹ ይውጣ፣ ከዚያ ክፈቺው። ያለዚያ ቀሚስሽ ዘይት በዘይት ይሆናል።

ወደ ሽንብራው። ሐረር ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ 96 ነው። ሁለት ዲግሪ ምንም አይምሰልሽ፣ ለጥራጥሬ ብዙ ነው። እሳት ብትጨምሪም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ94 አያልፍም፤ ከሰልሽ ነው የሚያልቀው። ማታ ሽንብራውን በሦስት እጥፍ ውሃ ዘፍዝፊና ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይደር። ጠዋት ያንን ውሃ ድፊው፣ በአዲስ ውሃ ጣጂው፣ ክድን አድርገሽ በመጠነኛ እሳት ተዪው። ሲጎድል ትኩስ ውሃ ጨምሪ። ሳይለሰልስ ቲማቲምም ሎሚም ወደ ድስቱ አይጠጋ፤ ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን ያጠነክረዋል። እምቢ ካለ ለግማሽ ኪሎ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ሽንብራው ይላሽቃል፣ ሳሙና ሳሙናም ይላል። ፕሬሸር ኩከር ካገኘሽ ነገሩ አለቀ፤ ጫናው ውሃውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልበሰለ ጥፋቱ የነጋዴው ነው፤ ጎተራ የከረመ ሽንብራ ሸጦልሻል።

በዚህ እንኳን ድሬ አትኩራ። ውሃችን ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚወጣ ጥራጥሬን ያጠነክራል፤ የማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት አልረሳሽውም መቼም። የአራት ሎሚ ጭማቂ በውሃ አፍልቶ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው መድኃኒቱ።

ሊጡ ደግሞ በርዶታል፣ ሌላ ነገር የለውም። ድሬ ላይ በሁለት ቀን የምታውቂውን ሐረር ላይ በሁለት ቀን አትጠብቂው፤ ሦስተኛውን ቀን ስጪው፣ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ከዚያም ያልፋል። ስታቦኪ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ርሾውን ከለመድሽው እጥፍ አድርጊው፣ ቡሃቃውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ ምድጃ ጥግ አስቀምጪው። የቀን ቁጥር ሳይሆን ላዩ ላይ የሚጠልለውን ውሃ እዪ። እሱ ሳይጠል አብሲት ከጣልሽ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሲጠል ውሃውን ድፊ፤ አንድ ጭልፋ ሊጥ በሦስት ጭልፋ ውሃ በጥብጠሽ እያማሰልሽ አፍዪው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ አብሲቱን እንደጋለ ይመልሰዋል፣ ርሾውም ይሞታል። ጣትሽን ስትነክሪው የማያቃጥል ግን ሞቅ ያለ ሲሆን መልሺው፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘም ኩፍ ለማለት ይዘገያል። ኩፍ ሲል ምጣዱን አስሚ።

ጣራሽ ላይ ጅብ አይወጣም፣ ተኚ። ሁለት ሜትር የሆነ ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ሚስማሩ አልለቅም ሲለው ድንገት ያመልጥና ጣ! ይላል። ድምፁ አይጎዳም፤ መጥፎው በየማታው የሚስማሩን ቀዳዳ እያሰፋ መሄዱ ነው። ክረምት ሳይገባ ሰው አስወጪና ጎማቸው የተሰነጠቀውን ሚስማሮች ያስለውጥ። ሚስማሩ የቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ላይ አይመታ፤ ጎማው እስኪጨፈለቅም አይጥበቅ።

ሐምሌ ላይ እወርዳለሁ ያልሽው ደስ ብሎኛል፤ ግን የድሬን አሸዋማ ወንዝ፣ ደቻቱን፣ እንዳትረሺ። ሐረር ላይ የዘነበው ወደ ዋቢ ሸበሌ ሲሄድ፣ ከደንገጎ በእኛ በኩል የወረደው ግን መንገዱ በደቻቱ ነው። እዚህ ኮከብ ወጥቶ፣ አሸዋውም ደርቆ፣ ውሃው ከላይ በሌሊት ሊመጣ ይችላል፤ ሐምሌ 1998 መጨረሻ ያ ሁሉ ሰው ያለቀው በሌሊት ጎርፍ ነው። ተራራው አናት ጠቁሮ ካየሽ ባጃጁ ‹‹በአሸዋው ላቋርጥ፣ ይቀርባል›› ቢልሽ እሺ አትበይው፤ በድልድዩ ይዙር፣ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። ጠዋት ተነሺ፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ድንች ይዘሽልኝ ነይ፣ የሐረርጌዋን የቆምቦልቻውን። ጃኬትሽን እዚያው ተዪው።

ያንቺዋ፣
የከዚራ ጎረቤትሽ