ከዳተኛውን ሴል አዳኝ አደረጋችሁት

ክቡር አዘጋጅ፣

«ካንሰርን የሚውጥ ሴል በላቦራቶሪ ተመረተ» ያላችሁትን ዘገባ ደሴ ውስጥ ያላነበበ ቢኖር እንኳ ያልሰማ የለም። ሸዋበር ላይ ያገኙኝ አንድ ሐጂ ጎረቤቴ ሰላምታውን ሳንጨርስ «ያ ሴል የት ይሸጣል? ዋጋውስ?» አሉኝ። የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኔን ስለሚያውቁ የደበቅኋቸው ሳይመስላቸው አልቀረም።

ሌላውን ስሕተት ልለፈውና ከፎቶግራፉ ሥር ያሰፈራችሁትን ልያዝ፦ «ከዕጢው የሚወሰዱ ማክሮፋጆች ተባዝተው ወደ ታካሚው ሲመለሱ ካንሰሩን ይውጡታል።»

ማክሮፋጅ ባክቴሪያንና የሞተ ሴልን የሚውጥ የመከላከያ ሴል ነው። ይህን ሥራውን ያሳየው ኤልያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። እስከዚህ ልክ ናችሁ። የካንሰር ዕጢ ውስጥ የገባ ማክሮፋጅ ግን ብዙውን ጊዜ ለሌባ በር የሚከፍት ዘበኛ ነው። ዕጢው በሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች ጠባዩን ይለውጠዋል። ከዚያ ወዲያ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያግዛል፣ ካንሰሩን ሊገድሉ የመጡትን ቲ-ሴሎች ያዳክማል፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ለሚደረገው ሥርጭትም መንገድ ያመቻቻል። እናንተ ለዚህ ሴል ነው የአዳኝነት ማዕረግ የሰጣችሁት።

ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ የሚያዘጋጁት ታዲያ ለምንድን ነው? እንዴት እንደሚከዳ ለማየት ነው። ከሰው ደም ሞኖሳይት የሚባለው ሴል ይለያል፤ ኤም-ሲኤስኤፍ የተባለ ፕሮቲን ተጨምሮበት 37 ዲግሪ ሙቀትና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለው ኢንኩቤተር ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ሲቆይ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ማክሮፋጅ ይሆናል። ቀጥሎ የካንሰር ሴሎች ያደጉበት ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ዕጢ ውስጥ እንዳለው መሰሉ መሆን ይጀምራል። ወደ ቀድሞ ጠባዩ የሚመልሱ መድኃኒቶች የሚሞከሩት በዚያ ላይ ነው። «ተባዝተው» ስላላችሁትም፣ ከደም ሞኖሳይት የተገኘ ማክሮፋጅ ሳህን ላይ እምብዛም አይባዛም። ለአዲስ ሙከራ አዲስ ደም ይቀዳል።

የሚባዛውና ለታካሚው የሚመለሰው ሌላ ሴል ነው፤ ዕጢውን ሰርጎ የገባ ቲ-ሴል። ከታካሚው ዕጢ ተቆርጦ፣ ኢንተርሉኪን-2 በተባለ የሚያባዛ ፕሮቲን በቢሊዮኖች እስኪቆጠር ተባዝቶ ለዚያው ሰው በደም ሥሩ ይሰጣል። በአሜሪካ የስቲቨን ሮዘንበርግ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1988 ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ሕሙማን ላይ ያገኘውን ውጤት አሳተመ፤ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚህ መንገድ የተሠራ ሕክምና ያጸደቀው በ2024 ነው፤ ያውም ለከፋ የሜላኖማ ካንሰር። ዘጋቢያችሁ የሁለቱን ሴሎች ታሪክ በአንድ ድስት ቀቅሎ አቀረበልን። ለጡት ካንሰርም ይሆናል ብሎ የጨመረው ከራሱ ቸርነት መሆን አለበት።

ይህ ቸርነት ኮምቦልቻ ያለችው ታናሽ እህቴ ዘንድ ደርሷል። የጡት ካንሰር ታካሚ ናት፤ ለኬሞቴራፒ አዲስ አበባ ድረስ ትመላለሳለች። መንገዱ፣ ማደሪያው፣ ማስመለሱ አድክሟታል። ዘገባችሁን አንብባ «ይህ ሴል እስኪመጣ ልረፍ፤ ምን ያጣድፈኛል?» አለችኝ። ስከራከራት «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!» ብላ ዘጋችብኝ። ለካ የወንድሟ የዘመናት ሙያ አንድ የፎቶግራፍ መግለጫ አይመዝንም!

ደግሞ «እንደ ደሴ ባሉ ከተሞች ስለ ሴል ማብራሪያ የሚሰጥ ባለሙያ ማግኘት ስለሚያስቸግር» የምትል ዓረፍተ ነገር አክላችኋል። ማንን ፈልጋችሁ አጣችሁ? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የምሠራበት ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፑም ሴንትሪፊውጁም ተዘርፏል፤ ያኔም ቢሆን ሞኖሳይትን ሊምፎሳይት ከሚባለው ሌላ ነጭ የደም ሴል የሚለይ ዓይናችንን የወሰደብን የለም። ሴል የምናሳድግበት ኢንኩቤተር እንደሌለን እናውቃለን፤ ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር። ስልክ ደሴም ይሠራል።

ማስተካከያውን በትንንሽ ፊደል በመጨረሻው ገጽ ጥግ እንዳታወጡት። ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የርዕስ መጠን፣ ማክሮፋጁ ለሕክምና የቀረበ አለመሆኑንና ታካሚዎች የጀመሩትን ሕክምና እንዳያቋርጡ ጻፉ። የእህቴ ቀጠሮ በሚቀጥለው ሐሙስ ነው፤ እባካችሁ ከዚያ በፊት ይውጣ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከደሴ