የአለርጂ መርፌዬን ጨረስኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋን መርፌ ተወጋሁ። ሐኪሜም ከእንግዲህ ለክትትል ብቻ ነው የምትመጪው አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብዙ አለቀስኩ። የደስታ ነው።

ያሳለፍኩትን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት የማያባራውን ማስነጠሴን፣ ሌሊት ሲር ሲር የሚለውን ደረቴን፣ ከቦርሳዬ የማይጠፋውን ኢንሄለር (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) አይታችኋል። ስለዚህ አልደግመውም። ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው።

ከማን ልጀምር? ከእትዬ ነው እንጂ። ከበላዬ ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸው ሲጠራ ስለማይወዱ እትዬ ብቻ ልበላቸው። አለርጂዬ የደስት ማይት ነው የተባለ ዕለት ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ገባሁ። ከሸረሪት ወገን የሆነች፣ በዓይን የማትታይ፣ ፍራሽና ትራስ ውስጥ የምትኖር፣ ከገላችን የሚረግፈውን ቆዳ የምትበላ ፍጥረት ናት አልኳቸው። የሚያሳምመኝም በዋናነት ኩሷ ነው አልኳቸው። እትዬ አልሳቁም፣ አልተገረሙም። «ታዲያ ምን እናድርግ?» ነው ያሉኝ። ያቺን «እናድርግ» እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ ቤቴን እንደ ቤታቸው ያዙት። ምንጣፉ እንዲነሳ አደረጉ። ፍራሼና ትራሴ ዚፕ ያለው ልዩ ሽፋን ሲገባላቸው አንዱን ጫፍ የያዙት እሳቸው ናቸው። አንሶላዬ በየሳምንቱ ከ130 ፋራናይት ባላነሰ ሙቅ ውሃ መታጠብ ነበረበት። ሥራ አምሽቼ ስመጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ አገኘዋለሁ።

እናቴ የላከችልኝን ጋቢ ግን አልጥልም አልኩ። በሙቅ ውሃ እንዳላጥበው ጥለቱ ይበላሻል። እትዬ ነርሷን አስጠየቁኝ። ነርሷም ደስት ማይቶቹን ብርድም ይገድላቸዋል አለች። ጋቢው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከአንድ ቀን በላይ እትዬ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከበርበሬያቸው ጎን ከረመ። ብርዱ ይገድላቸዋል እንጂ ቆሻሻቸውን ስለማያወጣው፣ አውጥተው ደግሞ በእጃቸው ቀስ ብለው አጠቡት። ዛሬም ለብሼው እተኛለሁ። እናቴ አርፋለች፤ ታውቃላችሁ። ስለዚህ እትዬ ያቆዩልኝ ጨርቅ ብቻ አይደለም።

መርፌውም ቢሆን ከእሳቸው ጋር ነው። መርፌው ውስጥ ያለው ያው የሚያሳምመኝ ነገር ነው፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ መጠኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሙሉ መጠን ላይ ከተደረሰ በኋላ በወር አንዴ ይሆናል። ከተወጉ በኋላ 30 ደቂቃ ክሊኒኩ ውስጥ መቀመጥ ግዴታ ነው። ያ ግማሽ ሰዓት ሥራ ላለው ሰው ይከብዳል። እትዬ ግን ውዳሴ ማርያማቸውን ይዘው ከጎኔ ይቀመጣሉ። ሰዓቱ ሳይሞላ ንቅንቅ የለም።

መርፌው ራሱ ሰውነቴን ያስቆጣባትን ያቺን ክፉ ቀንም ሰምታችኋል። አንገቴ ላይ የወጣውን ሽፍታ ከእኔ ቀድመው ያዩት፣ ነርሷን የተጣሩት እሳቸው ናቸው። ነርሷ ኤፒነፍሪን የሚባለውን የድንገተኛ አለርጂ መድኃኒት ጭኔ ላይ ወጋችኝና ትንፋሼ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከነአካቴው ልተወው ነበር። ሐኪሙ መጠኑን ወደ ኋላ መልሰን ከታች እንጀምራለን ቢለኝም ልቤ አልቆረጠም። እትዬ ሻይ አፍልተው ቁጭ አሉና «ልጄ፣ ሁዳዴን ከነሕማማቱ 55 ቀን እንጾም የለ እንዴ? ይኼም እንደዚያው ነው፤ መሐሉ ነው የሚከብደው» አሉኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀድመው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሌላ የምለው ጠፋኝ።

ሐኪሜንም አመሰግናለሁ። አስረድቶኝ እንጂ አዝዞኝ አያውቅም። ይኼ አዲስ ሙከራ ነው ወይ ብዬ ስፈራ፣ ሌናርድ ኑን የሚባል ሐኪም እንደ ፈረንጆቹ በ1911 ለንደን ውስጥ ይህንኑ ሕክምና ለሣር ብናኝ አለርጂ ሞክሮ ውጤቱን ማሳተሙን ነገረኝ። ሐሳቡ ያው ነው፤ የሚያሳምምሽን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ሰጥቶ ሰውነትሽን ማለማመድ። የተለመደው የአለርጂ ክኒን ምልክቱን ብቻ ነው የሚያስታግሰው፤ ይኼ ግን ሰውነት ለአለርጂው የሚሰጠውን ምላሽ ራሱን ይለውጣል፣ ካቆሙ በኋላም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል አለኝ። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ2017 የተፈቀደ፣ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ የደስት ማይት ኪኒን እንዳለም አልደበቀኝም። እኔን የዛፍ ብናኝም ስለሚነካኝ ሁለቱንም በሚይዘው መርፌ ተስማማን። ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል ብሎ ከመጀመሪያው ቀን እቅጩን ነገረኝ። አንዳንዱ ሰው ላይ እንደማይሠራም ጭምር። እኔ ላይ ሠራ። ተመስገን!

ነርሶቹ ሁሉ፣ በየቀጠሮው «ትኩሳት አለሽ? ደረትሽ እንዴት ነው? አዲስ መድኃኒት ጀመርሽ?» ስትሉኝ አንዳንዴ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ አስም ባልተረጋጋበት ቀን መርፌው አደገኛ ነው። ተባረኩ።

ባለቤቴ፣ ለአንተ የምለውን እቤት እነግርሃለሁ። የማኅበሬ እህቶች፣ እኔ ስመጣ ዕጣኑን በረንዳ ላይ ስላወጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ፈረቃ የለወጣችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ የደወላችሁልኝ ወንድሞቼ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ አባቶች፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። እባካችሁ ቅር አይበላችሁ፤ እየጻፍኩ እንባዬ እያቋረጠኝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በመካከላችን ዓመት ሙሉ አፍንጫው ተዘግቶ «ሳይነስ ነው»፣ «ብርድ ነው» እያለ የሚኖር ስንት ሰው አለ! በዚህ አገር የበጋ ወበቅ ደግሞ ደስት ማይት ይበዛል፤ ውሃ አይጠጣም፣ እርጥበቱን ከአየር ነው የሚስበው። እባካችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ተመርመሩ። ቆዳ ላይ የሚደረግ ቀላል ምርመራ ነው፤ ውጤቱም እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል።

ኅዳር ጽዮን ዕለት እቤቴ ጸበል ጻዲቅ አለ። ሁላችሁም ኑልኝ። ዳቦውን የሚደፉት እትዬ ናቸው፤ ስጦታ እንዳታመጡ። ስለ መርፌው መጠየቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ያየሁትን ሁሉ እነግራችኋለሁ፤ ለእናንተ የሚስማማውን ግን ሐኪማችሁ ነው የሚያውቀው። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ቦታ አለ።